የቱርቦ መዘግየትን ለመቀነስ የትኛው መንገድ ይሻላል? ለመንገድ መኪና የሚሆን የምርጫ መመሪያ

ቱርቦ (በሞተሩ ጭስ ኃይል አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው መኪናዎ የነዳጅ ፔዳሉን ሲረግጡ ለአፍታ ፈዝዞ ከቆየ በኋላ በድንገት ወደፊት የሚወረወር ከሆነ፣ መፍትሔ ነኝ የሚለው ዕቃ ብዙ ነው። ሰፋ ያለ የጭስ ማውጫ፣ አዲስ ሶፍትዌር፣ ትልቅ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ)፣ በኩሽኔታ የሚሽከረከር ቱርቦ፣ ፔዳሉን ያነቃል የሚባል ትንሽ ሳጥን፣ የሚያፏጭ ቫልቭ። ሁሉም «መዘግየትን ይቀንሳል» ተብሎ ይሸጣል። ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ የሚሠሩ አሉ፤ ድምፅ ብቻ የሚጨምሩ አሉ፤ ችግሩን የሚያባብሱም አሉ። አቋሜን ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። በየዕለቱ መንገድ ላይ የሚነዳ መኪና የሚመዘነው በከፍተኛው የፈረስ ጉልበት ሳይሆን፣ በደቂቃ ከ1,800 እስከ 4,000 ዙር ባለው ክልል ፔዳሉ ሲረገጥ በሚሰጠው መልስ ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ በዚህ ሚዛን የተሠራ ነው።

ቅሬታው የትኛው ነው?

«ቱርቦው ይዘገያል» በሚለው ቅሬታ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ተደባልቀው ይገኛሉ፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም።

የመጀመሪያው ከቱርቦው ጋር ግንኙነት የለውም። በዘመናዊ መኪኖች ፔዳሉና ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው በር በገመድ አይገናኙም፤ በመካከላቸው ኮምፒውተር አለ። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ፣ የጭስ ብክለትን ለመቀነስ ወይም ካምቢዮውን ለመጠበቅ ሲል በሩን ቀስ አድርጎ ሊከፍተው ይችላል። አውቶማቲክ ካምቢዮም ማርሽ ለመቀነስ የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ይህ ዓይነቱ መዘግየት የሚታወቀው፣ ሞተሩ ያለ ቱርቦው እርዳታ ሊሰጥ የሚችለው ትንሽ ጉልበት እንኳ ዘግይቶ ሲመጣ ነው።

ሁለተኛው የግፊት መነሻ ጉዳይ ነው፤ ማለትም ቱርቦው የጨመቀው አየር ግፊት መታየት የሚጀምርበት የሞተር ዙር። ማንኛውም ቱርቦ ከተወሰነ የሞተር ዙር በታች በቂ የጭስ ፍሰት ስለማያገኝ ቁም ነገር ያለው ግፊት አይሰጥም። ዳገት ላይ በአምስተኛ ማርሽ በ1,400 ዙር እየሄዱ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጡ፣ ቱርቦው በዚያ ዙር ሊሰጥ የማይችለውን ነገር እየጠየቁት ነው። የቱንም ያህል ቢጠብቁ ዙሩ ካልጨመረ ግፊቱ አይመጣም።

ሦስተኛው እውነተኛው መዘግየት ነው፤ ሞተሩ ግፊት ሊሰጥ በሚችልበት ዙር ላይ እያለ፣ ለምሳሌ በ3,000፣ ፔዳሉን ለቀው መልሰው ሲረግጡ ግፊቱ እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ።

ሦስቱን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመኪናው የምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካ አነስተኛ አንባቢና የስልክ መተግበሪያ የሞተሩን ዙር፣ የአየር መግቢያውን ግፊትና የፔዳሉን አቀማመጥ ይመዘግባል። ትራፊክ በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ከ1,500 ዙር አካባቢ ተነሥተው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ ግፊቱ ከፍ ማለት የጀመረበትንና የሞላበትን ዙር መዝገቡ ያሳይዎታል። ቀጥሎ በዚያው ማርሽ በ3,000 ዙር በቋሚ ፍጥነት እየሄዱ በአንድ ጊዜ ይርገጡ፤ ከረገጡበት ቅጽበት ግፊቱ እስከሞላበት ያለው ጊዜ መዘግየቱ ነው። መዝገቡን ቆመው ያንብቡት እንጂ እየነዱ ወደ ስልኩ አይመልከቱ። ይህን የመጀመሪያ መዝገብ ያስቀምጡት፤ ከዚያ በኋላ የሚገዙት ዕቃ ሁሉ የሚፈረድበት በእርሱ ነው። ድምፁ የጨመረ መኪና ሁልጊዜ የፈጠነ ስለሚመስል ስሜት ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም።

የመዘግየቱ ምንጭ

ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በ1905 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ሐሳቡ ከሞተር የሚወጣ ጭስ የያዘውን ኃይል አየር ለመጭመቅ ማዋል ነበር። ችግሩም አብሮ ተወለደ። ብዙ ጭስ እንዲኖር ሞተሩ ብዙ አየርና ነዳጅ ማቃጠል አለበት፤ ብዙ አየር እንዲያገኝ ደግሞ ጭሱ አስቀድሞ ተርባይኑን (በቱርቦው ውስጥ በጭስ የሚዞረውን መዘውር) ማሽከርከር አለበት። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። የአንድ ትንሽ መኪና ቱርቦ ዘንግ ሙሉ ሥራ ላይ ሲሆን በደቂቃ ከ150,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ከ200,000 የሚያልፉም አሉ። በዝግታ ሲነዱ ዘንጉ ከዚህ እጅግ በታች ስለሚሆን፣ ፔዳሉ በተረገጠ ጊዜ ያን ሁሉ መንገድ መውጣት አለበት።

እዚህ ላይ መጠን ከሁሉም ነገር ይልቃል። የአንድ መዘውር ቅርጽ ሳይለወጥ ዲያሜትሩ በ20 በመቶ ቢያድግ፣ ለመፍጠን የሚያሳየው ተቃውሞ ወደ 2.5 እጥፍ ያድጋል፤ ክብደቱ በዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ፣ ክብደቱ ከመሃል የሚርቅበት ርቀት ደግሞ በሁለተኛ ርቢ ስለሚጨምር ነው። ትልቁ መዘውር ያንኑ ግፊት ዝቅ ባለ ዙር ስለሚሰጥ ከዚህ የተወሰነውን ይመልሳል፤ እንዲያም ሆኖ የሚጠይቀው ጉልበት ከ70 በመቶ በላይ ይበልጣል። የ1975ቱ ፖርሸ 911 ቱርቦ በመዘግየቱ ስሙ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለ 3 ሊትሩ ሞተር አንድ ትልቅ ቱርቦ ነበረው፣ የሲሊንደሩ የመጭመቅ ምጣኔ ደግሞ 6.5 ለ1 ብቻ ስለነበር ቱርቦው እስኪነሣ ድረስ ሞተሩ ራሱ ደካማ ነበር።

መጀመሪያ ያለውን መጠገን

መኪናው ቀድሞ እንዲህ አልነበረም የሚሉ ከሆነ፣ መልሱ ያለው ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሳይሆን ሞተሩ አጠገብ ነው። ከአማራጮች ሁሉ በጣም የሚታለፈውም በጣም የሚያዋጣውም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቅድሚያ የሚፈተሸው የተጨመቀ አየር ማፍሰስ ነው። ከኮምፕሬሰሩ (በዚያው የቱርቦ ዘንግ ላይ አየሩን ከሚጨምቀው መዘውር) እስከ ሞተሩ መግቢያ ባለው መስመር ላይ በርካታ የጎማ ቱቦዎች፣ ፋሸታዎችና የላስቲክ ቀለበቶች አሉ። አንዱ ላይ ስንጥቅ ካለ ቱርቦው የጨመቀው አየር ከፊሉ ያመልጣል፤ ኮምፒውተሩም የታለመው ግፊት ላይ ለመድረስ ቱርቦውን አብዝቶ ያስሮጠዋል። ሹፌሩ የሚያየው ግፊቱ ዘግይቶ መምጣቱን ብቻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በዓይን ሲታይ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ቱቦው ከፋሸታው ሥር በሚታጠፍበት ቦታ የተሰነጠቀ እንደሆነ ግፊት ሲገባበት እንደ ከንፈር ይከፈታል፤ ግፊቱ ሲወርድ መልሶ ይገጥማል፤ ምልክት የሚሆነው በዙሪያው የተጠራቀመ ስስ የዘይት እርጥበት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ምርመራ የቱርቦውን የአየር መግቢያ በክዳን ዘግቶ፣ መኪናው በተለምዶ ከሚሠራበት ግፊት ሳያልፉ መስመሩን በተጨመቀ አየር መሙላትና መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ መርጨት ነው። አረፋ የሠራበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ነው። ፔዳሉ ሲለቀቅ አየሩን የሚመልሰው ቫልቭ ግን ለብቻው ይፈተሽ፤ ውስጡ ያለው ስስ ላስቲክ ሲቀደድ አየሩ ወደ ውጭ ሳይሆን ተመልሶ ወደ ቱርቦው መግቢያ ስለሚሄድ፣ ድምፅ ሳያሰማ ለዓመታት ሊደበቅ ይችላል።

ሁለተኛው ዌስትጌት ነው፤ ግፊቱ ከሚፈለገው በላይ እንዳይሆን ከጭሱ ከፊሉን በተርባይኑ ጎን አሳልፎ የሚለቅ በር። ይህ በር በዝቅተኛ ዙር ሙሉ በሙሉ ካልተዘጋ፣ ተርባይኑን ማሽከርከር የነበረበት ጭስ በጎን ያልፋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የበሩን ክንድ በእጅ ይያዙት፤ ማጠፊያው ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ተበልቷል። ፔዳሉ ሲለቀቅ የሚሰማ የብረት መንቀጫቀጭም ይህንኑ ይናገራል። በብዙ ቱርቦዎች ላይ የአክቹዌተሩ (በሩን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል) ዘንግ ርዝመት በማዞር ይስተካከላል፤ ነገር ግን የግፊት ንባብ ሳይያዝ የሚደረግ ማጥበቅ ከፍተኛውን ግፊትም አብሮ ስለሚያሳድግ በግምት የሚነካ ነገር አይደለም።

ከዚያ የጭሱን መንገድ ይመልከቱ። ከተርባይኑ በፊት ያለው ማኒፎልድ (የሲሊንደሮቹን ጭስ የሚሰበስበው ቧንቧ) ሲሰነጠቅ ወይም ጓርኒሲዮኑ ሲበላ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የሚሰማ፣ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚለጠጥ የሚጠፋ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ይኖራል፤ ቦታውም ላይ ጥቁር ጥቀርሻ ይታያል። በናፍጣ መኪኖች ላይ ደግሞ በቱርቦው ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ትናንሽ ክንፎች በጥቀርሻ ተይዘው ከተከፈቱ መዝጋት ያቅታቸዋል፤ ውጤቱ ከትልቅ ቱርቦ መዘግየት ጋር አንድ ነው፤ መፍትሔው ግን ማጽዳት ነው። የታፈነ ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጽጃ)፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሰንሰር፣ ያረጁ ካንዴላዎችና የተደፈነ ፊልትሮም በተራቸው ይታያሉ።

ማርሽ እና ጎማ

ችግሩ የግፊት መነሻ ከሆነ፣ ከማርሽ የቀደመ ፈጣን መፍትሔ የለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በአምስተኛ ማርሽ 1,700 ዙር ላይ ያለ ሞተር፣ በሦስተኛ ወደ 2,800 አካባቢ ይደርሳል፤ ይህ በብዙ የመንገድ መኪኖች ላይ ከግፊት በታች በመሆንና ሙሉ ግፊት በማግኘት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለመቅደም ከመውጣትዎ በፊት ማርሹን ይቀንሱ። ከፋብሪካው መጠን በ10 በመቶ የሚበልጥ ዲያሜትር ያለው ጎማ የገጠመ ሰው ደግሞ ሳያውቀው መዘግየት ገዝቷል፤ 2,000 ዙር ላይ ይሆንበት በነበረው ፍጥነት አሁን 1,800 ላይ ነው።

ሶፍትዌር ወይስ የጭስ መስመር?

መኪናው ጤነኛ ከሆነ ብዙ ሰው የሚያመነታው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ ሶፍትዌሩን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱ ከፋብሪካ የወጣው ፕሮግራም የተሠራው ለዝምታ፣ ለልስላሴና ለሁሉም ዓይነት ነዳጅ ስለሆነ ነው። ጥሩ አስተካካይ ግፊቱ የታለመለት ላይ ሊደርስ እስኪቃረብ ዌስትጌቱን ዘግቶ ያቆያል፤ የአየር በሩ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል። የቫልቮቹ ጊዜ በሚስተካከልባቸው ሞተሮች ላይ የመግቢያና የመውጫ ቫልቮች አብረው የሚከፈቱበትን ጊዜ በዝቅተኛ ዙር ያራዝማል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ አይነገርለትም እንጂ ኃይለኛ ነው። የመግቢያው ግፊት ከመውጫው በሚበልጥበት አጭር ክልል ንጹሕ አየር ሲሊንደሩን አጥቦ ያልፋል፤ ተርባይኑም ተጨማሪ ፍሰት ያገኛል። ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጭባቸው ሞተሮች ላይ በዚህ ጊዜ የሚያልፈው አየር ብቻ ስለሆነ ነዳጅ አይባክንም።

አደጋውም እዚያው ነው ያለው። በቀጥታ ነዳጅ የሚረጩ ትናንሽ ሞተሮች በዝቅተኛ ዙር ከባድ ግፊት ሲጫንባቸው ነዳጁ ካንዴላው ብልጭታ ከመስጠቱ በፊት በራሱ የሚቀጣጠልበት ክስተት አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተከስቶ ፒስተን ሊሰብር ይችላል። ኤፒአይ ኤስፒ የሚባለው በ2020 የወጣ የዘይት ደረጃ ይህን የመከላከል መስፈርት ያካትታል። ስለዚህ «ከ1,500 ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበት አወጣልሃለሁ» የሚል አስተካካይ ሊያስደስትዎ አይገባም፤ ሊያሠጋዎ ነው የሚገባው። የፍሪሲዮኑና የካምቢዮው አቅምም በዚሁ ክልል ነው የሚፈተነው።

ፔዳሉ ላይ የሚሰካው ሳጥን ከሶፍትዌር ጋር እኩል መነጻጸር የለበትም። ሠላሳ በመቶ የተረገጠውን ፔዳል ስድሳ በመቶ እንደተረገጠ አድርጎ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፤ ሥራው ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት ቅሬታ ያቃልላል፤ ግፊቱን በአንድ ቅጽበት እንኳ አያፋጥንም። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ሲረግጡ ደግሞ ሳጥኑ የሚጨምረው ምንም ነገር የለም።

ወደ ጭሱ መስመር ስንመጣ ሕጉ ቀላል ነው፤ ማነቆው ለተርባይኑ በቀረበ ቁጥር ጥቅሙ ይበልጣል። ተርባይኑ የሚሽከረከረው ከፊቱና ከኋላው ባለው የግፊት ልዩነት ነው፤ ከኋላው ያለው ግፊት ሲቀንስ ከዚያው ጭስ ብዙ ሥራ ያገኛል። በመሆኑም ከተርባይኑ ወዲያው የሚቀጥለው ቧንቧ ሲሰፋና ሲቃና ልዩነቱ በመዝገብ ላይ ይታያል። ከኋላ ያለውን ማርሚታ መቀየር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለውጠው ድምፁን ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን አውልቆ መጣል በብዙ አገሮች ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሰው የሚተነፍሰውንም አየር ይመርዛል። ፍሰቱ የላላ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያለው ቧንቧ የጥቅሙን አብዛኛውን ክፍል ይሰጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ መንገዱ ሲከፈት የፋብሪካው ዌስትጌት ጭሱን በበቂ ሁኔታ ማሳለፍ ሊያቅተውና በከፍተኛ ዙር ግፊቱ ከቁጥጥር ወጥቶ ሊያድግ ይችላል። ቧንቧ ከተቀየረ ሶፍትዌሩ መከተል ያለበት ለዚህ ነው።

ሙቀትም ጉልበት ነው። የቤንዚን ሞተር ጭስ በሙሉ ጭነት ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ሙቀት ሁሉ ተርባይኑ ጋር አይደርስም። የቱርቦ መሸፈኛ ብርድ ልብስና በማኒፎልዱ ላይ የሚቀባ የሴራሚክ ሽፋን ርካሽና ጠቃሚ ናቸው፤ የሚያስገኙት ለውጥ ግን ትንሽ ነው። ቧንቧ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ አልመክርም፤ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝጋል፣ ዘይት ከተንጠባጠበበትም እሳት ያነሣል። ረጃጅምና እኩል ርዝመት ያላቸው የሚያማምሩ ማኒፎልዶች ደግሞ ለከፍተኛ ዙር የተሠሩ ናቸው። ለመንገድ መኪና አጭሩና ወፍራሙ ይሻላል፤ ጭሱ የሚጓዘው መንገድ አጭር ነው፤ ቶሎም አይሰነጠቅም።

የአየር መግቢያው ወገን

«ትልቅ ኢንተርኩለር መዘግየት ያመጣል» የሚለውን ብዙ ሰው ይሰማል፤ «አጭር ቱቦ መዘግየትን ያጠፋል» የሚለውንም እንዲሁ። ሁለቱንም በቁጥር እንያቸው። ባለ 2 ሊትር ሞተር በ3,000 ዙር ያለ ግፊት በሰከንድ ወደ 50 ሊትር አየር ይስባል። ትልቁ ኢንተርኩለር ከነቱቦዎቹ 5 ሊትር ተጨማሪ ስፋት ካመጣ፣ ያንን በ1 ባር ግፊት ለመሙላት የሚያስፈልገው 5 ሊትር ተጨማሪ አየር ነው፤ የአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ሥራ መሆኑ ነው። በመኪና ውስጥ የሚሰማው መዘግየት ብዙ ጊዜ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ሙቀት ላይ ችግር ካለብዎ ኢንተርኩለሩን ያለ ፍርሃት ያሳድጉ፤ መዘግየትን ለማጥፋት ብለው ግን ቱቦ አይቀይሩ።

ወደ ውጭ የሚያፏጨው ቫልቭ ጤነኛ ከሆነው የፋብሪካ ቫልቭ የሚበልጥበት ምክንያት የለም። የአየር መለኪያ ሰንሰር ባላቸው መኪኖች ላይ እንዲያውም የተለካ አየር ወደ ውጭ ስለሚወጣ ድብልቁ በነዳጅ ይበዛል፤ ማርሽ በቀየሩ ቁጥር ሞተሩ ይንገዳገዳል።

ቱርቦውን መቀየር

እዚህ ነው ትልቁ ገንዘብ የሚወጣው፣ ትልቁ ጸጸትም የሚመጣው። ፈጣን መልስ ፈልጎ ትልቅ ቱርቦ የሚገዛ ሰው የሚፈልገውን ነገር በገንዘቡ እያራቀው ነው። በመጠን ረገድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት የፈረስ ጉልበት በቂዬ ነው?» የሚል ይሁን፤ ያንን ቁጥር ሊያሟላ ከሚችለው ውስጥ ትንሹ ቱርቦ ትክክለኛው ነው።

የተርባይኑ ቤት ጠባብነትም ይለካል፤ አምራቾች የጭስ መግቢያውን ስፋት ከመሃል ካለው ርቀት ጋር አካፍለው እንደ 0.63 ወይም 0.82 ያለ ቁጥር ይሰጡታል። ቁጥሩ ሲያንስ ጭሱ በፍጥነት ክንፉን ይመታል፤ ቱርቦው ቀድሞ ይነሣል፤ በከፍተኛ ዙር ግን ሞተሩን ያንቀዋል። ብዙ ጊዜ ቱርቦውን ሳይቀይሩ ይህን ቤት ብቻ ቀይሮ የተሻለ መልስ ማግኘት ይቻላል።

ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ካለዎት ባለ ሁለት መስመር ቱርቦ ከሁሉ በላይ ትኩረት ይገባዋል። በተለመደው 1፣ 3፣ 4፣ 2 የማቀጣጠል ቅደም ተከተል፣ አንዱ ሲሊንደር ጭሱን ሲለቅ የቀደመው የመውጫ ቫልቭ ገና አልተዘጋም፤ የአንዱ የግፊት ምት ወደ ሌላው ይገባና ይባክናል። አንደኛውንና አራተኛውን በአንድ መስመር፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በሌላ መስመር ሲለዩዋቸው ምቶቹ ሳይጋጩ በተራ ተርባይኑን ይመታሉ፤ በዝቅተኛ ዙር የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን ለዓመታት በዚህ ሠርቷል፤ ቢኤምደብሊውም በአንድ ቱርቦ በሚሠሩ ሞተሮቹ ላይ ተጠቅሞበታል። ነገር ግን ማኒፎልዱም እስከ ተርባይኑ አፍ ድረስ የተከፈለ መሆን አለበት። ባልተከፈለ ማኒፎልድ ላይ የተገጠመ ባለ ሁለት መስመር ቱርቦ የወጣበትን ዋጋ አይመልስም።

ክንፉ የሚንቀሳቀስ ቱርቦ በመርሕ ደረጃ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ይጠባል፣ በከፍተኛው ይሰፋል። በናፍጣ ሞተሮች ላይ የተለመደ ሆኖ ሳለ በቤንዚን ላይ የዘገየው በጭሱ ሙቀት ምክንያት ነው። ፖርሸ በ2006ቱ 911 ቱርቦ ላይ ከቦርግዋርነር ጋር ሲያቀርበው ክንፎቹ ከፍተኛ ሙቀት ከሚችሉ ቅይጦች መሠራት ነበረባቸው። ለናፍጣ የተሠራውን አውጥቶ በቤንዚን ሞተር ላይ መግጠም ክንፎቹን በሙቀት ማሳጣት ነው። የመቆጣጠሪያው ፕሮግራምም ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ፣ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ካልመጣ ይተዉት።

ኩሽኔታን በተመለከተ፣ በተለመደው ቱርቦ ዘንጉ የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው፤ በብረት ኳሶች ላይ የሚሽከረከረው ግን በተለይ በዝቅተኛ የዘንግ ፍጥነት ሰበቃው አነስተኛ ስለሆነ ቀድሞ ይነሣል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ መጠኑን በትክክል የመምረጥን ያህል ግን አይደለም። የተሳሳተ መጠን ያለውን ቱርቦ ኩሽኔታ አያድነውም። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ ለዘይት ንጽሕና ይጠነቀቃል፣ ሲበላሽም ብዙ ጊዜ መሃሉ በሙሉ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። ቀለል ያለ የተርባይን መዘውርም አማራጭ ነው። ቲታኒየም አልሙናይድ ከተለመደው የኒኬል ቅይጥ ግማሽ ያህል ብቻ ይመዝናል። ኒሳን በ1989ኙ ስካይላይን ጂቲ አር ላይ የሴራሚክ መዘውር ተጠቅሞ ነበር፤ በፋብሪካው ግፊት በደንብ ይሠራ ነበር፤ ግፊቱን ያሳደጉ ባለቤቶች ግን መዘውሩ ሲሰባበርባቸው አይተዋል። ያገለገለ ቱርቦ ሲገዙ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ከእሽቅድምድምና ከፋብሪካ የሚመጡት

በራሊ መኪኖች የሚታወቀው ፔዳሉ ሲለቀቅ ነዳጅን በጭስ ማኒፎልድ ውስጥ የማቃጠል ዘዴ መዘግየትን በእርግጥ ያጠፋል። ተርባይኑን፣ ማኒፎልዱንና ካታሊቲክ ኮንቨርተሩንም አብሮ ያጠፋል። የእሽቅድምድም ቡድን ቱርቦ እየቀያየረ ይሮጣል፤ ለመንገድ መኪና ግን ለውይይት እንኳ የሚቀርብ አይደለም።

በሞተሩ በቀጥታ የሚዞር መጭመቂያን ከቱርቦ ጋር ማጣመር በ1985 በላንቺያ ዴልታ ኤስ4፣ በ2005 ደግሞ በፎልክስዋገን 1.4 ሊትር ሞተር ላይ ተሠርቷል። ሁለት ቱርቦዎችን በተራ የሚያሠራው ዘዴ በፖርሸ 959ና በ1993ቱ ቶዮታ ሱፕራ ላይ ነበር። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ግን በቧንቧና በቫልቭ ብዛት የታጨቁ ስለሆኑ እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ሥርዓቱን ጠብቆ ቢይዘው ይሻለዋል፤ የሌለው ሰው ደግሞ ለመሥራት አይሞክር።

የወደፊቱ መንገድ ኤሌክትሪክ ነው። አውዲ በ2016ቱ ኤስኪው7 ላይ የገጠመው 7 ኪሎ ዋት የሚወስድ ኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰር በሩብ ሰከንድ ገደማ ወደ 70,000 ዙር ይደርሳል። መርሴዲስ ኤኤምጂ በ2022ቱ ሲ43 ላይ በቱርቦው ዘንግ ላይ ራሱ ሞተር አስቀምጧል። ሁለቱም የሚሠሩት በ48 ቮልት ነው። በገበያ ላይ በ12 ቮልት ሶኬት የሚሰካ «ኤሌክትሪክ ቱርቦ» ሲያዩ ይህን ሒሳብ ያስታውሱ፤ 7 ኪሎ ዋት በ12 ቮልት ከ580 አምፔር በላይ ነው። የቀጭኑ ሽቦ ማራገቢያ ይህን ሊሸከም አይችልም፤ የሞተሩን የአየር መንገድ ከመዝጋት ያለፈ ሥራም የለውም።

እንግዲህ በእርስዎ ሁኔታ

ከዓመታት አገልግሎት በኋላ የዘገየ የፋብሪካ መኪና ካለዎት፣ ገንዘብዎ ሁሉ ወደ ፍተሻና ጥገና ይሂድ። ጤነኛ ግን ደብዛዛ የሆነ ዘመናዊ ባለ ትንሽ ቱርቦ መኪና ካለዎት፣ ሶፍትዌር ይበቃዎታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጎድል ካለ ከተርባይኑ ቀጥሎ ያለው ቧንቧ። አስቀድሞ ትልቅ ቱርቦ የተገጠመለት መኪና ከገዙና ከ4,000 ዙር በታች ሕይወት ከሌለው፣ ተጨማሪ ዕቃ አይጨምሩበት፤ ጠበብ ያለ የተርባይን ቤት ወይም አነስ ያለ ቱርቦ ይመልሱበት። ከጫፉ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ይቀንሳል፤ በየቀኑ የሚነዱበት ክልል ግን ይመለስልዎታል። በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ያለው ሰው ከአውቶማቲክ ባለቤቱ ያነሰ ነገር እንደሚያስፈልገውም አይርሱ።

ከፍታ ቦታ ላይ ለሚነዱ የተለየ ስሌት አለ። በ2,400 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦው ከመነሣቱ በፊት ሞተሩ የሚስበው አየር በሩብ ስለሚቀንስ፣ ተርባይኑ ጋር የሚደርሰው ጭስም ያንኑ ያህል ይቀንሳል፤ የግፊት መነሻው ወደ ላይ ይሸሻል። ስለዚህ በከፍታ ላይ የትንሽ ቱርቦ ጥቅም የበለጠ ይጎላል። ነገር ግን በባሕር ጠለል 1 ባር ግፊት ለመስጠት ኮምፕሬሰሩ አየሩን ሁለት እጥፍ ሲጨምቅ፣ በዚህ ከፍታ ሞተሩ ያንኑ ፍጹም ግፊት (ከባዶ ጀምሮ የሚለካውን) እንዲያገኝ ከ2.6 እጥፍ በላይ መጭመቅ አለበት፤ ይህ ትንሹን መዘውር ከተፈቀደለት የፍጥነት ገደብ በላይ ሊያስሮጠው ይችላል። ግፊት ለመጨመር የሚነሣ አስተካካይ የቱርቦውን አምራች የኮምፕሬሰር ካርታ (ኮምፕሬሰሩ በየትኛው ፍሰትና ግፊት በደንብ እንደሚሠራ የሚያሳይ ሥዕል) ከፍቶ፣ እርስዎ በሚነዱበት ከፍታ የሥራው ነጥብ የት እንደሚያርፍ ያሳይዎ። ነጥቡን ማሳየት ካልቻለ ግፊቱን አያስጨምሩት።